አልጀብራን እየደገምኩ መሐንዲስ መሆን እችላለሁ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ የምኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አምና አልጀብራ 1 ወድቄ ዘንድሮ እየደገምኩት ነው። እኩዮቼ አልጀብራ 2 ደርሰዋል፤ 12ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይወስዳሉ። እኔ በዚህ አያያዜ ያን ጊዜ ገና አልጀብራ 2 ላይ ነኝ። ምኞቴ ሲቪል ምህንድስና ነው። አባቴ ጎበዝ ተማሪ እንደሆንኩ ለሰው ሁሉ ይናገራል፤ ኮርሱን መድገሜን ግን አያውቅም። አንድ ጓደኛዬ በዓመቱ ማብቂያ እረፍት ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን በኢንተርኔት ጨርሳቸው ይለኛል። ልሞክረው ወይስ ምህንድስናን ልርሳው?

ወደ ኋላ የቀረሁት ነኝ

ምላሽ፦

ልጄ፣ ምህንድስናን አትርሳ፤ የጓደኛህን ምክር ግን እርሳው።

የሁለት ዓመት ትምህርት በአንድ እረፍት ተጠናቅቆ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ጭንቅላት ውስጥ መስፈሩ ግን ያጠራጥራል። አልጀብራ ያልገባቸው ተማሪዎች ደብተር ላይ የማይጠፋ ስህተት አለ። በቅንፍ ውስጥ የተደመሩ ሁለት ቁጥሮችን በራሳቸው አባዙ ሲባሉ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ አባዝተው ይደምራሉ። በ3 እና በ4 ሞክረው። ድምራቸው 7 ነው፤ 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል። ለየብቻ ካባዛሃቸው ግን 9 እና 16 ታገኛለህ፤ ድምሩም 25 ብቻ ነው። የጎደለው 24 ከየት ይምጣ? 3 በ4 ሲባዛ 12 ነው፣ እሱም ሁለት ጊዜ። ደንቡን በቃሉ የሸመደደ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል፤ የ24ን መምጫ ያየ ግን ካልኩለስ ክፍል ውስጥም አይስተውም። ካልኩለስ የከበዳቸው ብዙ ተማሪዎችን የሚጥላቸውም ይኸው የቆየ አልጀብራ ነው።

ኮሌጆች ማመልከቻህን የሚመዝኑት ትምህርት ቤትህ ከሚሰጣቸው ኮርሶች አንጻር ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በግዴታ የሚጠይቀው የ3 ዓመት ሒሳብ ነው፤ አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪና አልጀብራ 2። 4 ዓመት ቢሆን ይመረጣል ይላል። ይህ ግን ዝቅተኛው መስፈርት ነው። አላባብልህም፤ በ12ኛ ክፍል አልጀብራ 2 ላይ ላለ ልጅ የስመ ጥር ምህንድስና ኮሌጆች በር ጠባብ ነው። ካልቴክ የተባለው ስመ ጥር የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ካልኩለስ የመማር ዕድል ላላገኙ አመልካቾች ችሎታቸውን በሌላ መንገድ የሚያረጋግጡበትን አማራጭ ሰጥቷል። ኮርሱን ተወ እንጂ እውቀቱን አልተወም።

ጂኦሜትሪም አልጀብራ 2ም የሚቆሙት በአልጀብራ 1 ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱን 11ኛ ክፍል ላይ ጎን ለጎን እንዲወስዱ ለተማሪ የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከተሳካልህ 12ኛ ላይ ለካልኩለስ የሚያዘጋጀውን ፕሪካልኩለስ ትወስዳለህ። በእረፍት የግድ አንድ ኮርስ መጨረስ ካለብህ ጂኦሜትሪ ይሁን፤ አልጀብራ 2 አይሁን። የዘንድሮው አልጀብራ 1 እንደገና ከተንገዳገደ ደግሞ ይህን ሁሉ እቅድ ተወውና እሱን አጥብቀህ ያዝ።

ሌላው መንገድ ኮሙኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ የአካባቢ ኮሌጅ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ለምን እንደሚናቅ አይገባኝም። ከፕሪካልኩለስ ጀምረህ ካልኩለሱንና ፊዚክሱን እዚያው በአነስተኛ ክፍያ ትወስዳለህ፤ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትዛወራለህ። መንገዱ አንድ ዓመት ሊረዝም ይችላል፤ የምትይዘው ዲግሪ ግን ያው የዩኒቨርሲቲው ነው። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚቆጠሩልህ ግን ልትዛወርበት ካሰብከው ዩኒቨርሲቲ ቀድመህ አረጋግጥ።

ለአባትህ ንገረው። ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚታይ ነገር ተደብቆ አይቀርም። ከነገርከው በኋላ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዝና እሱንም ይዘኸው ሂድ፤ ሁለቱን ኮርሶች ጎን ለጎን መውሰድ የወላጅ ፊርማ ሊጠይቅ ይችላል። ቀጠሮውን ደግሞ አታዘግየው፤ የመጪው ዓመት የኮርስ ምርጫ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው የዘንድሮው ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ነው።