«ባልንጀራ»ን ከእንጀራ ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄ፦ ልጄ «ካምፓኒየን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩ «አብሮ ዳቦ የሚበላ» ነው አለችኝ። የእኛ «ባልንጀራ» ከዚያ ተተርጉሞ የመጣ ነው? ስጽፈውስ «ባለ እንጀራ» ልበል?

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን «ፓኒስ» ዳቦ ማለት ነው። «ባልንጀራ» ግን የዚያ ትርጉም አይደለም። «ባለ» እና «እንጀራ» በሰው አፍ ሲመላለሱ ኖረው የተዋሐዱበት ነው፤ «ባለ አገር» ባላገር፣ «ባለ አባት» ባላባት እንደሆነው ሁሉ። የትርጉም ሥራ ቢሆን ኖሮ ስፌቱ ገና ይታይ ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ወዳጅን በገበታ ሰየሙት።

እንግሊዞች ደግሞ ከፈረንሳይኛ ከመዋሳቸው በፊትም ሰውን በዳቦ ይለዩ ነበር። «ሎርድ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ህላፍዌርድ»፣ የዳቦ ጠባቂ ነው። «ሌዲ» ደግሞ «ህላፍዲዬ»፣ ሊጥ አቡኪዋ። «ህላፍ» ዛሬ «ሎፍ» የሚሉት ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የጠፋው ሦስተኛው ቃል ነው፦ «ህላፍኤታ»፣ ዳቦ በሊታ። የኬንቱ ንጉሥ ኤተልበርት እ.ኤ.አ. በ600 ገደማ ባወጣው ሕግ፣ የአንድን ነፃ ገበሬ ዳቦ በሊታ የገደለ 6 ሽልንግ ካሣ ይከፍላል። ዳቦ በሊታው የገበሬው ጥገኛ ነው፤ ካሣውም የተተመነው ዳቦውን በሚበላለት ሰው ስም ነው።

ይህን ሳነብ «የእንጀራ ልጅ»፣ «የእንጀራ አባት» የሚሉት ትዝ ይሉኛል። ልጁ የአባወራው ደም የለውም፤ የሚያዛምዳቸው ከአንድ መሶብ መብላታቸው ነው። እንጀራችን መተዳደሪያም ነውና «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ስንል ሥራን ማለታችን ነው።

ስለ አጻጻፉ፦ «ባልንጀራ» ብለው ይጻፉ። «ባለ እንጀራዋ መጣች» ቢሉ ሰሚው እንጀራ ሻጯን ነው የሚጠብቀው። «ባልደረባ»ንም በቦታው አይተኩት። ባልደረባ ዱሮ ባለጉዳይን ከንጉሥ ወይም ከመኳንንት ፊት የሚያቀርብ፣ ለዚሁ የተመደበ ሰው ነበር፤ ዛሬም የሥራ ባልደረባዎን መሥሪያ ቤቱ ይሰጥዎታል። ባልንጀራዎን ግን ራስዎ ነው ወደ ማዕድ የሚጠሩት።