ጋዝ ጨረሰ ከማለታችሁ በፊት፦ ለጀማሪ የፍሪጅ ጠጋኞች

ይድረስ ለሙያው ጀማሪ ልጆቼ፤

ከሠላሳ ዓመት በላይ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እየተመላለስኩ የሰው ፍሪጅ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ አሁን ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ስለከበደው ሥራውን ለእናንተ ለቅቄያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከደንበኛም ከጠጋኝም አፍ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ጋዝ ጨርሷል» የሚለው ነው። ፍሪጅ ግን እንደ መኪና ነዳጅ አይፈጅም። በኮምፕረሰሩ ተጨምቆ፣ ከጀርባው ባለው ጥቁር ቱቦ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ሆኖ፣ በማጣሪያው በፊልተሩና ካፒላሪ በምትባለው ቀጭን ቱቦ አልፎ፣ ውስጥ ገብቶ የምግቡን ሙቀት እየሳበ እንደገና ወደ ጋዝነት የሚመለሰው ያው ከፋብሪካ የተሞላው ጋዝ ነው። ቱቦው ካልተበሳ ሃያ ዓመትም ቢሆን ያንኑ ይዞ ይዞራል። ስለዚህ ጋዙ ጎድሎ ካገኛችሁት የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት የደንበኛን ገንዘብ ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው።

ከቀዳዳውም በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ በእርግጥ ጎድሏል? ይህን ጥያቄ ባለመጠየቄ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ገና ለብቻዬ መሥራት በጀመርኩበት ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ሸዋበር አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ጠሩኝና «የላይኛው በረዶ ቤት ሥጋውን እያቀለጠብኝ ነው፤ የታችኛው ግን ምንም አልሆነም» አሉኝ። ቴርሞሜትር አላስቀመጥኩም፣ ኮምፕረሰሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚነሣም አላዳመጥኩም። ጋዝ ጎድሏል ብዬ ጨመርኩ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ጨምሬ ስሄድ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው ቱቦ በረዶ ለብሶ ነበር፤ እኔ ግን ያንን በረዶ የሥራዬ ማማር አድርጌ አየሁት። እውነቱ ግን ተኖ ያላለቀ ፈሳሽ ወደ ኮምፕረሰሩ እየተመለሰ ዘይቱን ያጥበው ነበር። ሙቀቱ ሲመጣ ኮምፕረሰሩ ተቃጠለ። አዲሱን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁላቸው፤ እዳውን ከፍዬ ለመጨረስ ወራት ፈጀብኝ። እማማ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እንዲያውም ያ ዝምታቸው ነው እስከ ዛሬ የማይረሳኝ።

የዚያ ፍሪጅ ችግር የደሴ ብርድ ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የብዙ ቤት ማዕድ ቤት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ባለሁለት በር ሆኖ አንድ ቴርሞስታት ብቻ ያለው ፍሪጅ፣ ቴርሞስታቱ የሚለካው የታችኛውን ክፍል ሙቀት ነው። ቤቱ ራሱ ፍሪጅ ሲሆን የታችኛው ክፍል ሳይሞቅ ይውላል፤ ቴርሞስታቱም «በቂ ቅዝቃዜ አለ» ብሎ ኮምፕረሰሩን አያስነሣውም፤ ኮምፕረሰሩ ካልተነሣ ደግሞ −18 ዲግሪ መሆን የሚገባው በረዶ ቤት ቀስ እያለ ይቀልጣል። አብዛኛው ፍሪጅ ከውስጥ ግድግዳው ላይ በተለጠፈች ወረቀት የሚሠራበትን የአየር ጠባይ ምድብ ይናገራል፤ «ኤን» ወይም «ቲ» የሚል ከሆነ ቢያንስ 16 ዲግሪ የሆነ ክፍል ይፈልጋል፣ «ኤስ ኤን» የሚለው ግን እስከ 10 ዲግሪ ይታገሣል። መድኃኒቱ ጋዝ አልነበረም፤ ፍሪጁን ከበረንዳ ወይም ከቀዝቃዛ ማዕድ ቤት ወደ ሳሎን ማግባት፣ ካልሆነም ቴርሞስታቱን ይበልጥ ወደሚያቀዘቅዘው ቁጥር ከፍ ማድረግ ነበር። ይኸው ፍሪጅ ከቁልቁለቱ በታች ኮምቦልቻ ቢሆን ኖሮ ምንም ባልሆነ። በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ቢኖርም ከፍታቸው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል፤ ለእኛ ሙያ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ከፍታው የሚያሳስታችሁ በብርዱ ብቻ አይደለም፤ በጌጃችሁም፣ በግፊት መለኪያው፣ ያሳስታችኋል። በትምህርት ቤት የተሰጣችሁ መጽሐፍ ከመሙላታችሁ በፊት ቱቦውን ከአየር ባዶ የሚያደርገውን ቫኪዩም ፓምፕ ስታስነሡ የጌጁ ቀስት ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይወርዳል ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ጥሩ ፓምፕ ብትይዙ ቀስቱ 22 አካባቢ ደርሶ ይቆማል፤ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 24 ይደርሳል። ይህን ሳያውቅ «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ ፓምፕ የቀየረ፣ «የሚያሾልክ ቦታ አለ» ብሎ ደህናውን ብየዳ የፈታ ልጅ አውቃለሁ። ጋዝ ስትሞሉም እንዲሁ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ባለችው ጅቡቲ፣ ጋዙ ወደ ኮምፕረሰሩ በሚመለስበት በዝቅተኛው ግፊት በኩል 2 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ፣ አር 134ኤ በሚባለው ጋዝ የሚሠራ ፍሪጅ፣ ውስጡ እኩል ቀዝቅዞ ሳለ፣ ደሴ ላይ 6 ገደማ ያሳያል። ጋዙ አልበዛም፤ ከውጭ የሚጫነው አየር ነው የቀነሰው። በጌጅ ብቻ የሚሞላ ሰው መጽሐፉን አምኖ 4 ፒ.ኤስ.አይ. ሲያስተነፍስ ደህናውን ፍሪጅ ያስርበዋል። ስለዚህ ከጌጁ ይልቅ ሚዛኑን እመኑ፤ በፍሪጁ ታርጋ ላይ የጋዙ ዓይነትና መጠኑ በግራም ተጽፏል፤ ግራም በግራም የሚለካ ዲጂታል ሚዛን ከገዛችሁ ሌላው መሣሪያ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በከተሞቻችን ፍሪጅን ከማንም በላይ የሚገድለው መብራት ነው። መብራት ጠፍቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲመለስ ኮምፕረሰሩ ገና ግፊቱ ሳይረጋጋ ለመነሣት ይታገላል፤ መነሣት ሲያቅተው ያጉረመርማል፣ ከመጋል የሚጠብቀው ኦቨርሎድም «ቅጭ» ብሎ ያቋርጠዋል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይሞክራል። ደንበኛው ይህን ሰምቶ «ሞተሩ ሞተ» ይላችኋል፤ ሰነፉ ጠጋኝም ወዲያው ይስማማል፣ ምክንያቱም ኮምፕረሰር መቀየር ሞተሩን የሚያስነሣውን ትንሽ ዕቃ፣ ሪሌውን፣ ከመቀየር ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያመጣል። እናንተ ግን መጀመሪያ ፍሪጁ በሚነሣበት ቅጽበት ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ለኩ፤ 220 መሆን የሚገባው ወደ 170 ከወረደ ጥፋቱ የፍሪጁ አይደለም፣ ምናልባትም ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ነው። ከዚያ ሪሌውን ነቅላችሁ አወዛውዙት፤ ውስጡ እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ብዙውን ጊዜ ተሰብሯል ማለት ነው። ቀጥላችሁ የኮምፕረሰሩን ሦስት የኤሌክትሪክ እግሮች ሁለት ሁለቱን እያደረጋችሁ በቴስተር ለኩ፤ ሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ሲደመሩ ከትልቁ ጋር እኩል መሆን አለባቸው፣ ለምሳሌ 15 እና 20 ኦም ካገኛችሁ ሦስተኛው 35 ይሆናል፤ ከእግሮቹ አንዱም ከብረት አካሉ ጋር መገናኘት የለበትም። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኮምፕረሰሩን ገና አትፍረዱበት። ለደንበኛውም ቢያንስ የአምስት ደቂቃ መዘግየት ያለው ስታቢላይዘር እንዲገዛ ንገሩት።

ስለ መለዋወጫ ዕቃ ብዙ የምለው አለኝ። ደሴ ያለው ሱቅ የያዘውን እንጂ እናንተ የምትፈልጉትን አይሸጥላችሁም፤ ከመርካቶ ማስመጣት ደግሞ ቀናት ይወስዳል፤ በዚያ መካከል የደንበኛው ወተት ይበላሻል። ይህ ችኮላ ነው «ይሄም ይሠራል» የሚያሰኘው። የበረዶ ቤት ቴርሞስታት ለፍሪጅ ክፍል የገጠመ ሰው፣ መጀመሪያ «በጣም ጥሩ ይቀዘቅዛል» ተብሎ ተመስግኖ፣ በሳምንቱ ቲማቲሙ ድንጋይ ሆነ ተብሎ ተጠርቷል። በዚያ ቤት ኢንሱሊን ቢኖርስ? ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ አንዴ ከበረደ ደግሞ ቢቀልጥም አይጠቅምም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩን አስተያዩ፣ ሪሌም ቴርሞስታትም ከሆነ እዚያው ባንኮኒው ላይ በቴስተር ፈትኑት። የጋዙ ቱቦ በተከፈተ ቁጥር ፊልተሩ በአዲስ ይተካል፤ የካፒላሪው ጫፍ ወደ ታች እንዲሆን አድርጋችሁ ግጠሙት። ኮምፕረሰር ስትተኩ የፈረስ ጉልበቱ መመሳሰል አይበቃም፤ የሚወስደው ጋዝ አንድ መሆን አለበት። ለድሮው የአር 12 ጋዝ የተሠራ አሮጌ ኮምፕረሰር ዘይቱ ለአር 134ኤ አይስማማም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ልጆቻቸው ከሳውዲ የላኩላቸው ፍሪጅ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ የእነዚህን ታርጋ በጥንቃቄ አንብቡ፣ 60 ሄርዝ ወይም 127 ቮልት የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ። 60 ሄርዝ ብቻ ተብሎ የተሠራ ኮምፕረሰር በእኛ 50 ሄርዝ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል፤ ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ እንጂ በኋላ አትከራከሩ።

የአር 600ኤ ነገር ለብቻው ይነገር። ይህ ጋዝ ኦዞንን አይጎዳም፣ መጠኑም ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ግራም፤ ነገር ግን የወጥ ቤት ሲሊንደር ጋዝ ዘመድ ስለሆነ ይቀጣጠላል። ኮምፕረሰሩ ላይ የእሳት ምልክት ያለው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካያችሁ ችቦ አታውጡ። በመጀመሪያ ጋዙን በላስቲክ ቱቦ ወደ ደጅ አስወጡ፣ መስኮትና በር ክፈቱ፣ ከሰሉ የሚጤስበትን የቡና ምድጃ ከክፍሉ አስወጡ፤ እማወራዋ «ለእናንተ ብዬ ነው ያፈላሁት» ብትልም። የሚያሾልክ ቦታ በሳሙና አረፋ ይፈለጋል። በክብሪት የፈተሸ ሰው አይቻለሁ፤ ቅንድቡ በኋላ በቀለለት።

የቤት ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚገባውን ሳትነግሩት አትውጡ። የበሩን ጎማ በለብ ያለ የሳሙና ውሃ ይጠብ፤ የብር ኖት በበሩ መካከል አስገብቶ ዘግቶ ሲስበው ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ለቋል፤ ብዙ ጊዜ በሙቅ ውሃ ሲሞቅ ቅርጹ ይመለሳል፣ ካልተመለሰ ይቀየራል። ከጀርባው የተከማቸውን አቧራ ያራግፍ፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያርቀው፤ ይህ በተለይ ለኮምቦልቻ ሙቀትና አቧራ ነው። በረዶ በቢላ አይፋቅም፤ የአሉሚኒየሙ ግድግዳ ስስ ነው፣ አንድ ምት ይበሳዋል፣ በአሉሚኒየም ላይ የሚደረግ ጥገና ደግሞ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። ቤት ዘግቶ የሚሄድ ሰው ባዶ አድርጎ፣ ነቅሎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሂድ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን ሲገባ ምግብ እንደሞላ ተዘግቶ የቀረ ስንት ፍሪጅ በኋላ ከፍቻለሁ፤ ያ ሽታ ወደ ግድግዳው ሙሌት ከዘለቀ ሶዳም ከሰልም አያወጣውም።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። የእኔ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከፊት ደሴ፣ ከኋላ ኮምቦልቻ። የመጣሁበት ቀን፣ የክፍሉ ሙቀት፣ ሶኬቱ ላይ ያገኘሁት ቮልት፣ የሞላሁት ግራም፣ ያወጣሁት አሮጌ ዕቃና የሞተበት ምክንያት ተጽፎበታል፤ ምክንያቱን ያላወቅሁበት ቦታ ባዶ ነው። አሮጌውን ዕቃ ደግሞ ሁልጊዜ ለባለቤቱ መልሼ እሰጥ ነበር። የሸዋበሯ እማማ የተቃጠለውን ኮምፕረሰር ተቀብለው ዓመታት ሙሉ የበር መደገፊያ አድርገውት ነበር፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ።