ስለ ጓሮ ጥንዚዛ፦ ጥያቄና መልስ

ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከልደታና ከካዛንቺስ ጓሮ የሚያለሙ ሰዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች፣ በዕፅዋት ጥበቃ ሙያ የቆዩት ጋሼ የሰጡት መልስ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ለጽጌረዳዬ ያዘጋጀሁትን ብስባሽ ስገለብጥ ነጭ፣ ወፋፍራምና የተጠማዘዙ ትሎች ወጡ። ፀረ ተባይ ልርጭባቸው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። አይርጩ። እነዚህ የጥንዚዛ እጮች፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጡ ልጆቹ ናቸው፤ ሁሉም ግን አንድ ወገን አይደሉም። አንዱን አንስተው በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ያስቀምጡትና ጥቂት ይታገሡ። በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሮቹን ወደ ላይ አድርጎ የሚጓዝ ከሆነ የአበባ ጥንዚዛ እጭ ነው፤ ምግቡ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ እንጂ ሕያው ሥር ስላልሆነ፣ ብስባሽዎን እያደቀቀ ያግዝዎታል። በጎኑ ተጠማዞ የሚቀር ከሆነና በተለይም የተገኘው በመደቡ አፈር ውስጥ፣ ከጠወለገ ተክል ሥር ከሆነ፣ ሥር ከሚቆርጡት ወገን እንደሆነ ይጠርጥሩ። ያን ጊዜ አፈሩን በመኮትኮቻ እየገለበጡ መልቀም ነው። የአበባ ጥንዚዛውም ቢሆን ካደገ በኋላ የጽጌረዳን አበባና የበሰለ ፍሬን ስለሚበላ፣ እጩ ከመጠን በላይ ከበዛ ምንም ካልተረጨበት ብስባሽ ለቅመው ለዶሮ መስጠት ይችላሉ። ብስባሹ በደንብ ተከምሮ መሐሉ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሞቀ፣ በሙቀቱ ክፍል ያለው እንቁላልና እጭ ይሞታል፤ ስለዚህ የዳሩን ወደ መሐል እያስገቡ ያገላብጡት።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጥንዚዛ አስቸግሮኛል፤ ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ጥንዚዛ? በየትኛው ተክል ላይ? ቀን ነው ወይስ ሌሊት? ይህ ካልተገለጸ መልስ የለኝም።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ጎመኔ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ሰፍረዋል፤ እየለቀምኩ እየገደልኳቸው ነው።

መልስ፦ እባክዎ ያቁሙ። ጀርባቸው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ጎመኑ ላይ ያለውን ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) የሚበሉልዎ ወዳጆች ናቸው። ረዘም ያለ፣ ጥቁርና ሻካራ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ፈጠን ብሎ የሚሮጠውም የእነርሱ እጭ ስለሆነ አይንኩት። ጀርባው ደብዘዝ ያለና በደቃቅ ፀጉር የተሸፈነ፣ ቅጠሉን ፍቆ እንደ ወንፊት የሚያስቀረው ግን ሌላ ነው፤ እርሱን ይልቀሙ። አስቀድሞ መለየት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ የለቀምናቸውን የት እንጣላቸው? ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ስጥላቸው በርረው ይመለሳሉ።

መልስ፦ ማለዳ፣ ብርዱ ገና ሳይለቃቸው፣ ከተክሉ ሥር ጨርቅ አንጥፈው ያራግፏቸው፤ በዚያ ሰዓት መብረር ይከብዳቸዋል። ፈሳሽ ሳሙና የተጨመረበት ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይጨምሯቸው። ሳሙናው ውኃው ላይ እንዳይንሳፈፉ ስለሚያደርግ ይሰምጣሉ። እስከ ማግስቱ ይተዉአቸውና ከመደቡ ራቅ አድርገው ይቅበሯቸው። ሳሙና የነካውን ለዶሮ አይስጡ። ከፕላስቲክ ጋር አታቃጥሉ፤ ጭሱ ከጥንዚዛው የባሰ ጉዳት አለው።

አስተያየት (ከፒያሳ)፦ እናቶቻችን አመድ ይነሰንሱ ነበር፤ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ?

አስተያየት (ከልደታ)፦ አመድ በክረምት በአንድ ዝናብ ይታጠባል። እኔ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት ነው የምረጨው።

አስተያየት (ከፒያሳ)፦ ሚጥሚጣውም እኮ በዝናብ ይታጠባል! አመድ ቢያንስ በነጻ ይገኛል።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትናገሩት ቅጠል ላይ ስላለው ነው። ከአፈር በታች ያለውን እጭ አመዱም ሚጥሚጣውም አይደርስበትም። ለቅጠል በደረቅ ወቅት አመድ ይነስንሱ፤ መደጋገሙ ግን አፈሩን ስለሚለውጠው በልክ ይሁን። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ የጃፓን ጥንዚዛ ወጥመድና እጩን የሚያጠፋ የባክቴሪያ ዱቄት በቪዲዮ አይቻለሁ። ከውጭ ላስመጣ?

መልስ፦ ገንዘብዎን አያባክኑ። የጃፓን ጥንዚዛ በ1916 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የተገኘ ተባይ እንጂ የእኛ ጓሮ ጥንዚዛ አይደለም፤ ያ ዱቄትም የሚሠራው በእርሱ እጭ ላይ ብቻ ነው። ወጥመዱ በዚያው አገር እንኳ ከሚይዘው በላይ ወደ ጓሮ እንደሚጠራ ታይቷል። ለእኛ የአበባ ጥንዚዛ አፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ማስቀመጥ ይበቃል፤ የቦካ ፍሬ ሽታ ይስበዋል። እርሱንም ቢሆን ከጽጌረዳው አርቀው ይስቀሉት።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ የዱቄት ነቀዝስ?

መልስ፦ እርሱ የጓሮ ጉዳይ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ለእህል የሚሸጠውን የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ቤት ውስጥም ሆነ አፈር ውስጥ አትጠቀሙ። እርጥበት ሲያገኘው ማርከሻ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ቤተሰብ ይፈጃል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ለማንኛውም የሚሆን አንድ የሚረጭ መድኃኒት ይንገሩን።

መልስ፦ ይህን ሲጠይቁኝ ሁለተኛ ጊዜ ነው፤ መልሴ አልተለወጠም፦ አስቀድሞ ጥንዚዛውን መለየት ነው። ለማንኛውም የሚሆን መድኃኒት ማለት ክሽክሹን የሚበላውን ጥንዚዛና ንቡንም የሚገድል ማለት ነው። የግድ ከሆነ፣ በሕግ መሠረት የተመዘገበና በዕቃው ላይ የተለጠፈው የአምራቹ መግለጫ ያልተነሣበት ይሁን። በውኃ ጠርሙስ ተገልብጦ የሚሸጥላችሁን አትቀበሉ፤ ጓንትና ጭምብል ሳታደርጉም አትርጩ። የተረጨበትን ጎመን መግለጫው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ አትቁረጡ።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ማታ አምፖል ላይ የሚሰበሰቡትስ?

መልስ፦ አምፖሉን ያጥፉት። ያ ጥንዚዛ በየትኛው ተክል ላይ እንደሚያድር ካዩ በኋላ ይጠይቁኝ።