ክትባቱ በነጻ ይመጣል፤ ነዳጁስ?

አብሽሪ እህቴ። «አዲስ የክትባት ፎካል (ተጠሪ ባለሙያ) ነኝ፣ አውትሪች (ቀበሌ ድረስ ወጥቶ መከተብ) ቆሟል፣ ወረዳው ክትባት የጋቪ (ክትባት የሚደግፈው ዓለም አቀፍ ጥምረት) ነው እያለ ነዳጅና አበል ከለከለኝ» ላልሽው፦ የተባልሽው ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያስቸግረውም ያ ግማሹ ነው።

ፔንታ፣ ፒሲቪና ሮታ የሚባሉትን የሕፃናት ክትባቶች ዋጋ በአብዛኛው ጋቪ ይሸፍናል፤ የፌዴራል መንግሥቱ ደግሞ ድርሻውን ይጨምራል፣ እንደ ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ያሉትን ነባሮቹን ራሱ ይገዛል። ለብልቃጡ ወረዳሽ ሳንቲም አያወጣም። ከጤና ጣቢያ እስከ ቀበሌ ያለው መንገድ ግን የወረዳው ነው፤ ወጪው የሚሸፈነው ከክልል ከሚመጣው ጥቅል በጀት ነው። ጥቅል በጀት ላይ «ለክትባት» የሚል አልተጻፈበትም። አብዛኛውን ደመወዝ ይበላዋል፤ ከተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ያልጠየቀ አያገኝም።

1. «ለክትባት ሥራ» ብለሽ አንድ ድምር አታስገቢ። ብዙ ፎካል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ጽ/ቤት የሚያውቀው ኮድ ነው፤ ነዳጅ 6217፣ አበል 6231፣ የፍሪጅ ጥገና 6243። በድፍኑ የገባው ቢጸድቅ እንኳ ጥቅምት ላይ የክፍያ መጠየቂያሽ «በዚህ ኮድ ቀሪ የለም» የሚል ቀይ እስክርቢቶ ተጽፎበት ይመለሳል። ምክንያቱን ቆሞ የሚያስረዳሽ አትጠብቂ። ከሌላ ኮድ ዝውውር ማስፈቀድ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ፊርማ፣ ሌላ ወር ነው፤ የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት እስከዚያ ያልፋል።

2. በሊትር አስልተሽ ግቢ። አንድ ጤና ጣቢያ 6 አውትሪች ጣቢያ ቢኖረው፣ ደርሶ መልሱም በአማካይ 36 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በወር አንድ ዙር 216 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተር ብስክሌቱ በሜዳ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድም ለደቡብ ወሎው ለጋምቦ ዓይነት ዳገት 25 ያዢ፤ በወር 8.64፣ በዓመት 104 ሊትር ገደማ። በጤና ጣቢያዎቻችሁ ብዛት አባዢው። የሽፋን መቶኛ ሲነገረው የሚያዛጋ የበጀት ባለሙያ ሊትር ሲሰማ እስክርቢቶ ያነሳል። ክትባት ከወረዳ የሚመጣበትን ጉዞም አትርሺ፣ ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው።

3. የውስጥ ገቢ። ክትባት ነጻ ስለሆነ ገቢ የለውም፤ ከካርድና ከመድኃኒት የሚሰበሰበው ግን እዚያው ጤና ጣቢያው ይቀራል፣ የጤና ጣቢያው ቦርድ በዕቅዱ ካስገባው ነዳጅም ጥገናም ይሆናል። እዚህ ላይ ጠንከር በይ፤ «የውስጥ ገቢ አላችሁ» ብለው ከመደበኛው ሊቀንሱ ይሞክራሉ። የውስጥ ገቢ በመደበኛው ላይ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይደለም፣ አሠራሩ ከመነሻው የተፈቀደውም እንዲያ ተብሎ ነው።

የዘመቻ ብርን በበጀትነት አትቁጠሪው። ለተባለለት ዘመቻ ብቻ ይወጣል፤ ይባስ ብሎ ባለሙያው የዘመቻ አበል ከለመደ በኋላ ለመደበኛው አውትሪች እግሩ ይከብዳል። «ሶላር ፍሪጅ ወጪ የለውም» የሚልሽንም አትመኚ። ፓኔሉ አቧራ ይለብሳል፣ ሽቦው ይቆረጣል፤ 6243 ላይ ብር ከሌለ ፍሪጁ ቆሞ ክትባቱ በቫክሲን ካሪየር (በእጅ በሚያዝ የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን) ከሌላ ጤና ጣቢያ ሲመላለስ ይከርማል፣ ያ ደግሞ ዞሮ ነዳጅ ነው።

ይህ ሁሉ የበጀት ጥሪው ሲመጣ፣ ምክር ቤቱ ሳያጸድቅ መግባት አለበት። ለአሁኑ ዓመት የቀረሽ መንገድ ቦርዱና የበጀት ዝውውር ናቸው። የወሰድሽውን ቅድመ ክፍያ ቶሎ አወራርጂ፤ ያልተወራረደ አበል ካለ ቀጣዩን አይለቁልሽም። ከመደበኛው በጀት ሰኔ 30 ያልተከፈለው ደግሞ ወደ ካዝና ይመለሳል።