ጠንካራ ገበሬ ነው ወይስ መሬት ነጣቂ?

ጥያቄ፦ ከልጄ ጋር አቦሉን ጠጥተን በረካው ሳይደርስ ተጣላን። ሎርድ ደላሜር ስለሚባል ኬንያ የሰፈረ እንግሊዛዊ አንብቦ «ቢከስር ቢከስር የማይበገር ገበሬ» ይለኛል። እኔ ደግሞ መሬት ነጣቂ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? (አንዲት እናት፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ አልዋሸም። በ1903 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኬንያ ውስጥ ንጆሮ በሚባል ቦታ 100,000 ኤከር ለ99 ዓመት በኪራይ ተሰጠው፤ በእኛ ልክ 1,000 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። በጎቹ ለምለም ሣር እየጋጡ አለቁበት፣ ለካ አፈሩ ማዕድን ይጎድለዋል። ከብት አስመጣ፣ በሽታ ፈጀው። ስንዴ ዘራ፣ ዋግ መታው። ጃማ ላይ ስንዴ የሚዘራ ሰው ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ማሳ ውስጥ ገብተው ሲወጡ ቀይ ብናኝ ሱሪዎ ላይ ይቀራል። ሰውየው ግን ከኪሱ ከፍሎ ዋግ የሚቋቋም ዘር ማዳቀል አስጀመረ።

ቢሆንም እኔ የማደላው ወደ እርስዎ ነው። መሬቱ ባዶ የመሰለው ማሳይ የሚባሉት የአገሬው አርብቶ አደሮች ከብት በደስታ በሽታ ስላለቀ ነው፤ ያው በ1880 በእኛ አቆጣጠር ገብቶ አያቶቻችንን ክፉ ቀን ውስጥ የከተተው በሽታ! ቀጥሎ በ1904 እንግሊዞቹ ማሳዮቹን ከስምጥ ሸለቆው ግጦሻቸው አስነሡ፣ በ1911 ደግሞ ሂዱ ከተባሉበት ከላይኪፒያም እንደገና። ደላሜር ማሳይኛ ይናገር ነበር፣ ይወዳቸውም ነበር ይባላል። መሬቱን ግን አልመለሰም። የሰፋሪዎቹ መሪ ነበር፣ ከ1907 ጀምሮም በሕግ አውጪው ምክር ቤት ወንበር ነበረው። በ1920 ነጮቹ መምረጥ ሲጀምሩ ተመርጦ ገባ። የመጀመሪያው አፍሪካዊ እዚያ ምክር ቤት የተቀመጠው በ1944፣ እሱ ከሞተ 13 ዓመት አልፎ ነው። እኛ ጋ ጎረቤት ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ እዚያ ግን ድንበር ገፊውም ሕግ አውጪውም አንድ ሰው ሆነባቸው።

ናይሮቢ የነበረው ሐውልቱ ከነጻነት በኋላ ተነሥቷል፣ በስሙ ይጠራ የነበረውም ጎዳና ዛሬ ኬንያታ ነው። ንጆሮ ላይ ግን የስንዴው ምርምር እስካሁን አለ፣ ከኢትዮጵያ የሚላክ የስንዴ ዝርያም ዋግ ይችል እንደሆነ እዚያ ይፈተሻል። ይቺን ለልጅዎ ይንገሩትና በረካውን አብራችሁ ጠጡ።