አቧራ የሌለበት እጀታ

ጥያቄ፦

የተከበሩ መምህርት፣ በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። የእንግሊዝኛ መምህራቸው «ጎቲክ» የሚባለውን የፍርሃት ታሪክ አጻጻፍ ስልት ካስተዋወቃቸው ወዲህ ተማሪዎቼ «በአማርኛም እንሞክረው» ብለው ወጥረው ያዙኝ። ፈቀድኩላቸው። 42 ድርሰት ሰበሰብኩ። በሁሉም ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ሰይጣን ይመጣል፣ «አስፈሪ» የሚለው ቃል በየመስመሩ ይደጋገማል፤ አንዱም ግን አያስፈራም። በዚህ ላይ አንዲት እናት «ልጄን ምን እያስተማራችኋት ነው?» ብለው መጡብኝ። ልቀጥል ወይስ ልተወው? ብቀጥልስ ከየት ልጀምር?

መ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

እህቴ፣ ቀጥይ። ደም የሞላበት 42 ድርሰት ማለት ለመጻፍ የጓጉ 42 ልጆች ማለት ነው።

መጀመሪያ «አስፈሪ»ን ከክፍልሽ አስወጪው። እኔ ሳስተምር በጥቁር ሰሌዳው ጥግ አምስት ቃላት ጽፌ እሰርዛቸው ነበር፦ አስፈሪ፣ ዘግናኝ፣ ደም፣ ሰይጣን፣ በድንገት። «ታዲያ ምን ቀረን?» ይሉኛል። «ቤቱ» እላቸዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረውም ከቤት ነው። እንግሊዛዊው ሆረስ ዋልፖል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1764 ያሳተመው ልብ ወለድ በርዕሱ የያዘው የሰው ስም ሳይሆን የግንብ ስም ነው። በሁለተኛው እትም ላይ «የጎቲክ ታሪክ» የሚል ንዑስ ርዕስ ጨመረበት፤ ስልቱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቃሉ በዚያን ጊዜ የሚያመለክተው የድሮውን፣ የመካከለኛውን ዘመን ነበር። እንግዲህ ዋናው ነገር አሮጌ ቤት ነው፤ የኖሩበት ሰዎች ያደረጉት ነገር ከግድግዳው አልወጣ ያለ ቤት። ተማሪዎችሽ በረዶና ተኩላ ቢጽፉ ያላዩትን ነው የሚጽፉት። በረዷማ ተራራ ላይ የቆመ ግንብ አያስፈልጋቸውም።

እኔ ያደግሁት ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙ ሳይርቅ፣ የእንጨት በረንዳ ባለው ቤት ነው። ታችኛው ክፍል ድንጋይ፣ ላይኛው ጭቃና እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ደረጃው 11 እርከን ነበረው፤ ሰባተኛው ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። እኛ ልጆች እንዘለዋለን። አባታችን ግን አይዘለውም፤ ማታ ማታ ሰባተኛው ሲጢጥ ሲል አባባ መግባቱን አውቀን እንተኛለን። አባታችን በሞተ በዓመቱ፣ በነሐሴ፣ አንድ ሌሊት ዝናቡ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማል፤ ጠብ፣ ጠብ። እናታችን ቡና እየለቀመች ነበር። ከደረጃው ላይ ሲጢጥ አለ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እንጨት ዝናብ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅም ድምፅ እንደሚያወጣ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን የእናቴን እጆች ነው ያየሁት።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጭር ይላል። ከዚያ «ምን አስፈራችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰፌዱ ይላሉ። በታሪኩ ውስጥ ሙት መንፈስ አለመኖሩን ልብ የሚሉት ዘግይተው ነው።

በዘመኗ በዚህ ስልት ዝነኛ ደራሲ የነበረችው አን ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ፣ በአውሮፓውያኑ 1826 በታተመ ጽሑፏ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ለይታለች። አንደኛው ገና ያልታየውን በመጠበቅ የሚመጣው ነው፤ ነፍስን ያሰፋል፣ ያነቃል። ሁለተኛው ፊት ለፊት የተዘረገፈው ዘግናኝ ነገር ነው፤ ነፍስን ያኮማትራል፣ ያደርቃል። እኔ ለልጆች የመጀመሪያውን «ስጋት»፣ ሁለተኛውን «ሰቀቀን» እያልኩ አስተምሬዋለሁ። ተማሪዎችሽ የጻፉልሽ ሰቀቀን ነው። አንቺ ስጋትን አስተምሪያቸው።

አሁን ወደ ቋንቋው። አማርኛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ይህን ስል ከልቤ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ከደረጃው በላይ፣ ከተዘጋው ክፍል፣ የአያቴ ነጠላ ከተሰቀለበት ጥግ…» ብለሽ አንብቢና ዝም በይ። ልጆቹ አፍ አፍሽን እያዩ ግሱን ይጠብቃሉ። «ሳቀች» ብለሽ ጨርሺው። ማን ሳቀች? ባለቤቷ ግሱ ውስጥ ተደብቃለች፤ ስም መጥራት አላስፈለገንም። ደግሞ «አለ»ን አስቢው፦ ኮሽ አለ፣ ሽው አለ፣ ውልብ አለ፣ ድርግም አለ፣ እልም አለ። «ኮሽ አለ» ሲባል ማን ወይም ምን ኮሽ እንዳለ አይታወቅም። ልጆች እነዚህን ቃላት ከቤታቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ፤ «የድርሰት ቃላት» ስለማይመስሏቸው ብቻ ይተዋቸዋል። አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሰብስቧቸው። ሰሌዳው ይሞላል። ግን በአንድ አንቀጽ ከሁለት በላይ እንዳይጠቀሙ ከልክያቸው፤ ሲበዙ ድምፃቸው ይጠፋል።

አሁን ጡረታ ብወጣም ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ልጆች ቤቴ ይመጣሉ። አንዷ የ13 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ያመጣችው ይህን ነበር፦ «በጣም አስፈሪ በሆነ ጨለማ ውስጥ በሩ በድንገት ተከፈተና አስፈሪ ሰይጣን አየሁ።» ሰይጣኑን ሰረዝንና ስለ በሩ ጠየቅኋት። የማን በር ነው? የአያቴ። መቼ ነው የተዘጋው? አያቴ ስትሞት። እጀታው ምን ይመስላል? ናስ ነው፣ አቧራ ይዞታል። «ሁልጊዜ ይዞታል?» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና ጻፈች፦ «አያቴ ከሞተች ወዲህ ያ ክፍል ተከፍቶ አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን እጀታው ላይ አቧራ የለም።» ሌሎቹ ልጆች ስታነብላቸው ወደ ቤቴ በር ዞረው ያዩ ነበር።

ሌላው ልጅ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ከነቤተሰቡ የለቀቀ ነው። እሱን ምንም አላረምኩትም። አሁን በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አያቱ ሌሊት ተነሥተው የድሮውን የግቢ በር መዝጊያ በእጃቸው እንደሚፈልጉ፣ ልስኑን ግድግዳ እንደሚዳብሱ ጻፈ። አንድ ገጽ ተኩል። ጎቲክ ምን እንደሆነ ለመግለጽ እኔ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

የአየሩም ነገር አለ። በአውሮፓውያኑ 1815 በኢንዶኔዥያ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቀጣዩ ዓመት አውሮፓ የበጋ ሙቀት አጣች። በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ ቤት የዘጋባቸው ወዳጆች የሙት መንፈስ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። ኋላ ሜሪ ሼሊ ተብላ የታወቀችው ወጣት ያኔ 18 ዓመቷ ነበር፤ የጀመረችው ታሪክ በ1818 «ፍራንከንስታይን» ሆኖ ታተመ። አዲስ አበባ ላይ ሰኔ ሲገባ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮው ሲጮኽ ማስተማር አይቻልም፤ ስለዚህ አታስተምሪ። መብራቱን አጥፍተሽ አሥር ደቂቃ ያዳምጡ፤ የሰሙትን ብቻ ይጻፉ። ከጊዮርጊስ ደወል የሚሰማ ከሆነ እሱንም። እንጦጦ ላይ የወረደውን ጉም በመስኮት ያዩ ልጆች «ጨለማ ነበር» ብለው አይጀምሩም።

የእናትየውን ነገር አታቃልዪው። መጠየቃቸው ትክክል ነው። ሰይጣኑ ከድርሰቱ መውጣቱን ንገሪያቸው፤ ልጆች ጭራቅንና ጅብን ከተረት ጀምሮ እንደሚያውቁም እሳቸው ራሳቸው ያስታውሳሉ። በቅርቡ ሐዘን የገባበት ልጅ ካለ ግን ለብቻው ጠርተሽ ሌላ ርዕስ ስጪው፤ በክፍል ፊት አይሁን።

ልጅቷን ደግሞ አንድ ጥያቄ አስይዘሽ ወደ ቤት ላኪያት፦ «እማዬ፣ ያደግሽበት ቤት ሌሊት ምን ምን ይል ነበር?» እናቷ የሚነግሯትን ቃል በቃል ትጻፈው። «አስፈሪ» የሚል ካለበት እሱን ብቻ ሰርዢ።