ለብዙ ሰው ኢሜይል ሲላክ አድራሻ እንዳይታይ

ሰላም እህቴ፣ ለ80 የዕድር አባላት የስብሰባ ጥሪ በኢሜይል በምልክበት ጊዜ የአንዱ አድራሻ ለሌላው እንዳይታይ ምን ላድርግ ብለሻል። ቀላል ነው፤ ቢሲሲን (Bcc)፣ ማለትም የተቀባዮቹን አድራሻ እርስ በርስ የሚደብቀውን መስመር ተጠቀሚ።

ጂሜይልን በኮምፒውተር የምትከፍቺ ከሆነ አዲስ መልእክት ጀምሪና የተቀባይ መስመሩን ንኪው። በስተቀኝ ጫፍ ሲሲ (Cc) እና ቢሲሲ ብቅ ይላሉ። በስልክ ደግሞ እዚያው መስመር ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጫኛት። አድራሻዎቹን በሙሉ ቢሲሲ ላይ ለጥፊ፣ ዋናው መስመር ላይ የራስሽን አስገቢ። ሲሲ ላይ እንዳትሳሳቺ፤ እዚያ የገባ ሁሉ ለሁሉም ይታያል።

ስህተቱ ቀላል ይመስላል እንጂ መዘዝ አለው። ኤችአይቪ ስኮትላንድ የተባለ ድርጅት ለ105 ሰዎች አንድ ኢሜይል ሲልክ በቢሲሲ ፋንታ ሲሲ ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ2021 የብሪታንያ የመረጃ ኮሚሽነር 10,000 ፓውንድ ቀጣው። የዕድር ጥሪ እዚያ ባይደርስም፣ ሰው አድራሻው ሲዘራበት ደስ አይለውም።

ሌላው ጥቅሙ፣ አንዱ አባል ለሁሉም መልስ የሚለውን ቢጫን እንኳ መልሱ ላንቺ ብቻ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው “እሺ፣ እመጣለሁ” ባለ ቁጥር የ80 ሰው ስልክ አይጮህም። ተገላገልሽ ማለት ነው!

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ያለፈውን ጥሪ ፎርዋርድ ካደረግሽና ያኔ በሲሲ የተላከ ከነበረ፣ ዝርዝሩ መልእክቱ ውስጥ ተጽፎ አብሮ ይሄዳል። ወይ ከላይ ያለውን ደምስሺ፣ ወይ እንደ አዲስ ጻፊው። ነፃው ጂሜይል በቀን እስከ 500 ተቀባይ ስለሚፈቅድ በቁጥሩ አትጨነቂ።